ስእለት የሰውን ዕዳ አይሰርዝም

ስእለት በመጽሐፍ ቅዱስ የተመሰከረ፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ከጥንት ጀምሮ የኖረ የጸሎት ሥርዐት ነው። ቃሉ «ሰአለ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ሰአለ ማለትም ለመነ ማለት ነው። ስለዚህ ስእለት ከሁሉ አስቀድሞ ልመና ነው፤ የለማኝም እጅ ባዶ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰው ተጨንቆ ወደ ፈጣሪው በጮኸ ጊዜ፣ ልመናው ቢሰማለት አመስጋኝ ሆኖ ለመገኘት በገዛ ፈቃዱ የሚገባውን ቃል ሊቃውንት ብፅዓት ይሉታል። አባታችን ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ በሚሰደድበት ጊዜ በቤቴል ተስሏል (ዘፍ. 28)። ሐና መካንነቷ ባስለቀሳት ጊዜ፣ ወንድ ልጅ ብታገኝ ለእግዚአብሔር ልትሰጠው ተስላ ሳሙኤልን ወለደች፤ ጡት ባስጣለችውም ጊዜ እንደ ቃሏ ወደ መቅደሱ ይዛው ወጣች (1ኛ ሳሙ. 1)።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ስእለት ይገባል ወይስ አይገባም ለማለት አይደለም፤ ይገባልና። ዐሳባችን ሌላ ነው። ስእለቱን ለእግዚአብሔር እያስገባ የባልንጀራውን ዕዳ የሚያስቀር ሰው ምን ዓይነት ስእለት እንደሚያስገባ ልንመረምር ነው። ይህም ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ በተለይም በታኅሣሥና በሐምሌ ወር የምሥራቁ መንገድ በተሳላሚ በሚሞላበት ጊዜ በብርቱ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ድሬዳዋና የቁልቢ መንገድ

ድሬዳዋ የንግድ ልጅ ናት። የጅቡቲው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት ጊዜ፣ የሐረርን ተራራ መውጣት ለሐዲዱ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከተማይቱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ተቈረቈረች። ከደቻቱ አሸዋ ወዲህና ወዲያ ከዚራና መጋላ ተመሠረቱ፤ የባቡር ሠራተኛውና ነጋዴው፣ የአገር ተወላጁና ከባሕር ማዶ የመጣው በአንድነት ሰፈሩ። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ደጃፍ ሲገበያዩ፣ በአንድ ጥላ ሥር ሲቀመጡ መኖር በዚህች ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። በእንዲህ ያለች የንግድ ከተማ የሰው ክብሩ ቃሉ ነው፤ በዱቤ የወሰደውን በቀኑ የሚከፍል ሰው ይታመናል፤ የማይከፍልም ስሙ በየሱቁ ይነሣል።

ከዚህች ከተማ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ በምዕራብ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል ይደርሳል። የሐረርጌ ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ መኰንን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ዘመቻ በሚሄዱበት ጊዜ ለመልአኩ ተስለው እንደ ነበርና በድል ሲመለሱም ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሳነጹ ይነገራል። ስለዚህ የቁልቢ ታሪክ ራሱ የስእለት ታሪክ ነው። ከዚያም ወዲህ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን በደረሰ ቍጥር ከአራቱ ማዕዘን ሕዝብ ይጎርፋል። አስቀድሞ ባቡሩ ተሳላሚውን ድሬዳዋ ድረስ ያመጣው ነበር፤ ዛሬ በአውቶቡስ፣ በመኪናና በአውሮፕላን ይመጣል፤ በእግሩ ዳገቱን የሚወጣውም ብዙ ነው። አንዱ ጃንጥላ፣ አንዱ ጧፍ፣ አንዱ መጋረጃ፣ ሌላው ወርቅና ብር ይዞ ይደርሳል። በስእለት የተወለዱ ሕፃናትም በዚያ ይጠመቃሉ። እናት የታቀፈችውን ልጅ እያየች በእንባ ስታመሰግን መመልከት፣ ልቡ የደነደነውን ሰው እንኳ የሚያራራ ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መልካም ነገር በሚበዛበት ስፍራ ጠላት እንክርዳድ መዝራቱን አይተውም።

«ይህ ገንዘብ የመልአኩ ነው»

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ እናቅርብ፤ የማንንም ቤት ለይተን ለማመልከት አይደለም። አንዲት የቤት እመቤት ልጅዋ በጠና ታሞባት ወደ ቅዱስ ገብርኤል ተሳለች እንበል። ልጁም ዳነ። እመቤቲቱ በደስታ ታላቅ ጃንጥላ በወርቅ ክር አስጠልፋ፣ ለጉዞው የሚሆነውን ስንቅ አሰናድታ፣ ጎረቤቶቿን ሁሉ ጠርታ አሳየች። በዚያው ቤት ልጁ በታመመበት ወራት ሌሊቱን ስትጠብቀው ያደረች አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች። የስድስት ወር ደመወዝዋ አልተከፈላትም። በጉዞው ዋዜማ እጆችዋን አጣምራ ቀረበችና፦

«እትዬ፣ እናቴ አገር ቤት ታማለች የሚል መልእክት ደርሶኛል። ከደመወዜ ጥቂት ቢሰጡኝ ለመድኃኒት እልክላት ነበር» አለቻት።

እመቤቲቱም፦ «ልጄ፣ አሁን በእጄ ያለው ገንዘብ የመልአኩ ነው፤ ከእርሱ ላይ ብነካ ይቈጣኛል። ከቁልቢ ስመለስ እናስብበታለን» ብላ መለሰችላት።

እመቤቲቱ ይህን ስትናገር የዋሸች አይመስላትም። ከልብዋ የምታምን፣ ረቡዕና ዓርብን የማትሽር፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ናት። ይሁን እንጂ የተናገረችው ቃል አዲስ ቃል አይደለም፤ ጌታችን በምድር በተመላለሰበት ዘመን በፈሪሳውያን አፍ የነበረ ቃል ነው። በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው አባቱን ወይም እናቱን ሊረዳበት የሚገባውን ገንዘብ «ቍርባን ነው» ይል ነበር፤ ይህም ለእግዚአብሔር የተለየ ነው ማለት ነው። ይህን ካለ በኋላ መምህራኑ ወላጆቹን ከመርዳት ነጻ ያደርጉት ነበር። ጌታችን ግን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ በሰው ወግ ሻሩት ብሎ ገሠጻቸው። ልብ እናድርግ፤ የገሠጻቸው መባ በማቅረባቸው አይደለም። የእግዚአብሔርን ስም መጋረጃ አድርገው የሰውን መብት ከመጋረጃው በስተኋላ በመሰወራቸው ነው።

የሠራተኛን ደመወዝ በተመለከተ ሕጉ የማያሻማ ነው። በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የድሃው ምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዚያው ቀን እንዲከፈል ታዟል፤ ድሃ ነውና፣ ነፍሱም በእርሱ ላይ ተስፋ አድርጋለችና። ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ አስጠንቅቋል። በመጽሐፈ ሲራክ ከዚህ የበረታ ነገር ተጽፏል፤ ከድሃ ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርብ ልጁን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ሰው ጋራ ተመሳስሏል፤ የሠራተኛውን ዋጋ የሚያስቀርም ደም ከሚያፈስስ ጋራ ተቈጥሯል። እንዲህ ከሆነ ያ በወርቅ ክር የተጠለፈው ጃንጥላ በማን ገንዘብ ተገዛ? ስድስት ወር ሙሉ እሳት ሥር የዋለችው፣ ሌሊት የታመመውን ልጅ ያቀፈችው የዚያች ልጅ ላብ በውስጡ አለበት። እመቤቲቱ ስእለት ያስገባች መስሏታል፤ የሌላውን ገንዘብ ነው ያስገባችው።

ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ያለውን መባ በደስታ እንድትቀበል አልተፈቀደላትም። ከግፍ የተገኘ ገንዘብ በመሠዊያው ዘንድ ስፍራ እንዳይኖረው ዲድስቅልያ ጳጳሳትን ያስጠነቅቃል። በኦሪትም የርኵሰት ዋጋ ስለ ስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሏል (ዘዳ. 23)። እግዚአብሔር ስንት እንደ ተሰጠው ብቻ ሳይሆን ከወዴት እንደ መጣም ይመለከታል።

ከአዝሙድ የሚከብደው

ግብዝነት የሚጀምረው በትልቅ ውሸት አይደለም፤ ትንሹን ነገር ከትልቁ በላይ በማክበር ነው። ጻፎችና ፈሪሳውያን ከእንስላልና ከከሙን እንኳ ዐሥራት ያወጡ ነበር። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ23ኛው ምዕራፍ ሲገሥጻቸው ዐሥራቱን ተዉ አላላቸውም፤ ያን ሳይተዉ በሕግ ያለውን ዋነኛውን ነገር፣ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን እንዲያደርጉ ነገራቸው። ኦርቶዶክሳዊው ትምህርት ይህ ነው። ሥርዐቱን ማፍረስ አይደለም፤ ሥርዐቱን ነፍሱን አውጥቶ ሬሳውን መሸከምም አይደለም።

ስለ ጾም ያለን ልማድ ለዚህ መስተዋት ሊሆን ይችላል። ሥጋ ከወጥ ተለይቶ፣ ወተትና ቅቤ ከቤት ወጥቶ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ አፍ ሳይሟሽ መዋሉ ተገቢ ነው፤ አባቶቻችን ያቈዩልን ሥርዐት ነውና። ነገር ግን በአንዳንድ ቤት የጎረቤት ሴት ከሰዓቱ አስቀድማ ውኃ ጠጣች አልጠጣችም ተብሎ ሲመረመር፣ ያቺው ጎረቤት ምን እንደምትበላ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ሌላው በጾሙ ቀን አፉን ከምግብ ከልክሎ ሰውን በሐሜት ሲበላ ይውላል። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ በጾም ቀን ሠራተኞቻቸውን እያስጨነቁ፣ እየተጣሉም ለምን ጾማችንን አላየህም ብለው እግዚአብሔርን የሚጠይቁትን ሰዎች ገሥጿል። እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የግፍን እስራት መፍታት፣ ለተራበውም እንጀራን መቍረስ መሆኑን ነግሯቸዋል።

በፍትሐ ነገሥት የአንቀጾቹ ተራ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። 14ኛው አንቀጽ ስለ ጸሎት፣ 15ኛው ስለ ጾም፣ 16ኛው ስለ ምጽዋት ይናገራል። ሦስቱ እንደ ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ቢጎድል ድስቱ ይደፋል። ደግሞም ጾምን በብርቱ የሚያዘው ይኸው ሕግ በደዌ የተያዘውን አያስጨንቀውም። ሕጉ ከሰጪው ምሕረት የተነሣ ነውና፣ ከሕጉ ይልቅ ጨካኝ የሆነ ሰው ሕግ አክባሪ ሊባል አይገባውም።

ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሲያስተምር የማቴዎስን ወንጌል በተረጐመበት ድርሳኑ ይህን ጉዳይ በግልጥ አንሥቶታል። የክርስቶስን ማዕድ በወርቅ ጽዋ ሞልቶ፣ ክርስቶስን ራሱን በተራበው ድሃ አምሳል በረኃብ እንዲሞት መተው ምን ይጠቅማል ብሎ ጠይቋል። ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ መስጠትን እንደማይከለክልም አክሎ ተናግሯል፤ የሚለምነው አስቀድሞ የተራበውን እንዲያጠግቡ፣ ከተረፈውም መቅደሱን እንዲያስጌጡ ነው። በታኅሣሥ 19 በቁልቢ ዳገት ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ነዳያን አልፎ የሚሄድ ተሳላሚ ይህን ትምህርት ቢያስብ መንገዱ ይቃናለት ነበር።

እግዚአብሔር ነጋዴ አይደለም

ክፉ ልማድ ሲያረጅ ትምህርት ይወልዳል። ስእለትን እንደ ንግድ የሚቈጥር ሰው፣ ሳያውቀው ስለ እግዚአብሔር ሐሰተኛ ትምህርት ይዟል። ይህን ያህል ከሰጠሁህ ያንን ትሰጠኛለህ፤ ብዙ የሰጠ ብዙ ያገኛል፤ ያልሰጠም ይቀጣል ይላል። በዚህ ዐሳብ ላይ የሚነግዱ ሰዎችም አይጠፉም። የባሕታዊ ልብስ ለብሰው፣ ማንነታቸውንም የሚያውቅ ደብር ሳይኖር በየቤቱ እየዞሩ ስእለትህን ለእኔ ስጠኝና አደርስልሃለሁ፣ ብታዘገይ ግን መልአኩ ልጅህን ይነጥቅሃል እያሉ የዋሁን ያስፈራራሉ። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ በተፈጠረ ቃል ምእመናንን መነገጃ የሚያደርጉ ሐሰተኞች መምህራን እንደሚነሡ አስቀድሞ ነግሮናል። እርሱ ራሱ በሰማርያ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ የፈለገውን ሲሞንን ገንዘብህ ከአንተ ጋራ ይጥፋ ዓይነት ብርቱ ተግሣጽ ገሥጾታል (ሐዋ. 8)። መላእክትም መዳንን ስለሚወርሱት ሰዎች ለአገልግሎት የሚላኩ መናፍስት ናቸው (ዕብ. 1)፤ ዕዳ ለመሰብሰብ የሚላኩ አስፈሪ ጭፍሮች አይደሉም። ቃል የገባ ሰው ማዘግየት የለበትም፤ መጽሐፍ ይህን ያዛል። የሚፈጽመው ግን ስለ ወደደና ስላመሰገነ ነው።

የንግድ ትምህርት ክፋቱ ሙሉ ሆኖ የሚታየው በመከራ ጊዜ ነው። የድሬዳዋ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ሊያውቀው ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰው የሚሻገረው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ መጣ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺሕ ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ጎርፉ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን፣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን አልለየም፤ ይልቁንም በወንዙ ዳር የተጠጋውን አጠቃ። እግዚአብሔር ነጋዴ ከሆነ እነዚያ የሞቱት ሰዎች ያልከፈሉ ባለ ዕዳዎች ነበሩ ማለት ነውን? እንዲህ ያለውን ነገር ማሰብም ኀጢአት ነው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታችን ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች አልነበሩም ብሎ አስተማረ፤ የቆሙትንም ወደ ንስሐ ጠራቸው እንጂ በሞቱት ላይ እንዲፈርዱ አልፈቀደላቸውም (ሉቃ. 13)። የኢዮብም ሦስት ወዳጆች መከራ የደረሰበት ሰው ሁሉ በደለኛ ነው ብለው ስለ ተከራከሩ እግዚአብሔር ተቈጥቷቸዋል። ሙታን የተዘነላቸው፣ የተረፉትም የተረዱበት ቤት እውነተኛ ሃይማኖት አለበት፤ ሙታን የተፈረደባቸው ቤት ግን የኢዮብ ወዳጆች ቤት ነው።

ይኸው ሐሰተኛ ትምህርት በታመመ ሰው አልጋ አጠገብም ይቆማል። መድኃኒት የወሰደ ሰው በጠበሉ አላመነም የሚል ድምፅ ብዙ ሰው ጎድቷል። በተለይም የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ጥለው በጠበል ብቻ እንዲጸኑ በተመከሩበት ወራት ነገሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ዘኢትዮጵያ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ አንዱም ሌላውን እንደማይቃወም፣ መድኃኒት መውሰድም ኀጢአት አለመሆኑን በይፋ አስተማሩ። ይህም የቀደመ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒቱን እንድናከብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያዛል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። እንግዲህ ልጅዋን ለሐኪም ያሳየች እናት ስእለትዋን አላፈረሰችም። ሐኪሙን የፈጠረ፣ ልመናዋንም የሰማ አንድ አምላክ ነው።

በጎረቤት ዐይን ፊት

ከላይ ስለ ድሬዳዋ የንግድ ኑሮ የተናገርነው ያለ ምክንያት አልነበረም። ክርስቲያኑ ዕዳ የሚኖርበት ለክርስቲያን ብቻ አይደለም። ጨርቁን በዱቤ የሰጠው ባለ ሱቅ፣ ዕቃውን ያጓጓዘለት ባለ መኪና፣ ቤቱን ያከራየው ባለ ቤት ሙስሊም ሊሆን ይችላል። ክርስቲያኑ ለእነዚህ ሳይከፍል ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ እየዘመረ በሱቃቸው ፊት ሲያልፍ ምን ይላሉ? በሰውየው ላይ ብቻ ቢፈርዱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሚፈርዱት በሃይማኖቱ ላይ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ ሕግን እያወቁ ሕግን በሚተላለፉ ሰዎች ምክንያት የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ መካከል እንደሚሰደብ በኀዘን ተናግሯል። አንዳንዶች ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋራ የተደረገ ውል ያን ያህል አያስጠይቅም ይላሉ። ይህ ፍጹም ሐሰት ነው። ሚዛኑ እውነተኛ እንዲሆን ያዘዘ አምላክ፣ የሚመዘንለት ሰው ማን ነው ብሎ አልለየም። በዕለቱ የተከፈለ ዕዳ በጎረቤት ዘንድ ብዙ ስብከት የማይሠራውን ሥራ ይሠራል።

ከጉዞ በፊት በቤት የሚደረግ

ታዲያ ምን እናድርግ? ጌታችን በተራራው ስብከቱ መንገዱን አሳይቶናል። መባህን በመሠዊያው ዘንድ ስታቀርብ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ፣ መባህን በዚያ ትተህ ሂድና አስቀድመህ ከእርሱ ጋራ ታረቅ የሚለው ትምህርቱ የታወቀ ነው (ማቴ. 5)። መባውን ውሰድና ተመለስ አላለውም፤ በዚያ ተወው አለው። መባው ይጠብቃል፤ ወንድም ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ለተሳላሚ ቤተሰብ የሚከተለው ምክር ይጠቅማል።

በመጀመሪያ፣ የስንቁ ዝግጅት ሳይጀመር ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ያለባቸውን ዕዳ ይቍጠሩ። የቤት ሠራተኛዋ ደመወዝ ተከፍሏልን? የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ቀርቷልን? የዕቁብ ተራ ደርሶት ገንዘቡን ወስዶ መክፈሉን ያቋረጠ አለን? አገር ቤት ያሉ አባትና እናት ከረሱ ስንት ጊዜ ሆነ? በቅድሚያ ይህ ይከፈል። ለመክፈል የማይቻል ቢሆን፣ ወደ ባለ ገንዘቡ ሄዶ አጎንብሶ ቀን መለመን ከጃንጥላው የሚበልጥ መባ ነው።

ሁለተኛ፣ ስእለት በዐቅም ይሁን። መጽሐፍ አለመሳል ኀጢአት እንዳልሆነ፣ ተስሎ አለመፈጸም ግን እንደሚያስጠይቅ ይናገራል (ዘዳ. 23)። በፍርሃትና በድንጋጤ ከዐቅሙ በላይ የተሳለ፣ ወይም ልጆቹን የሚያስርብ ስእለት የተሳለ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ጭንቁን ገልጦ ይንገርና ምክር ይቀበል። ስእለቱን ለመክፈል በአራጣ መበደር፣ ወይም የልጆችን የትምህርት ገንዘብ ማንሣት አይገባም። በኦሪት ዘኍልቍ በ30ኛው ምዕራፍ በአባትዋ ቤት ያለች ልጅ የተሳለችውን ስእለት አባትዋ በሰማበት ቀን ቢከለክላት እግዚአብሔር ይቅር እንደሚላት ተጽፏል። ሕጉ ራሱ ለችኩል ቃል የምሕረት በር እንዳዘጋጀ ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛ፣ መባው በቀጥታ ለደብሩ ይሰጥ። በመንገድ ለተገናኘ ለማይታወቅ ሰው፣ ልብሱ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ አደራ መስጠት ለሌባ በር መክፈት ነው። ለነዳያንም የሚሰጠው ከመባው ተለይቶ ይያዝ፤ ያለዚያ በመንገድ ይረሳል።

አራተኛ፣ ልጆች ይማሩ። በስእለት የተወለደ ልጅ ለመልአኩ ይህን ያህል ብር ተከፍሎብሃል እየተባለ ቢያድግ ራሱን እንደ ተገዛ ዕቃ ይቈጥራል፤ እግዚአብሔርንም እንደ ሻጭ። ይልቁንስ ለምነን በቸርነቱ ሰጠን ይባል። ከቤት ሠራተኛዋም ጋራ በአንድ መኪና ይጓዙ፤ ልጁን በሕመሙ ጊዜ የጠበቀች እርስዋ ከበዓሉ የምትቀርበት ምክንያት የለም።

የሠለስቱ ደቂቅ እምነት

በመጨረሻም ታኅሣሥ 19 ቀን የምናከብረው ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በባቢሎን ወደ እቶን እሳት በተጣሉ ጊዜ መልአኩ ወርዶ ነበልባሉን እንዳጠፋላቸው የምናስብበት በዓል ነው። እነዚያ ሦስት ወጣቶች በንጉሡ ፊት ቆመው የተናገሩት ቃል በትንቢተ ዳንኤል በ3ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። አምላካችን ከእሳቱ ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም የሚል ትርጕም አለው። «ባያድነንም እንኳ» የሚለውን ዐሳብ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው በውስጡ ንግድ የለም። ቢያድነን ይህን እንሰጣለን አላሉም፤ ባያድነን እንተወዋለን አላሉም። ከእሳቱ ከመዳናቸው በፊት ከንግድ ሃይማኖት ድነው ነበር። መልአኩ የወረደው ወደ እንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው።

ቁልቢ የሚወጣ ተሳላሚ ሁሉ የሚያከብረው የእነዚህን እምነት ነው። ልጁ የዳነለት ያመስግን፤ ልጁ የሞተበትም መጥቶ በዚያው ደጅ ያልቅስ፤ መልአኩ ለሁለቱም ይቆማል። ጃንጥላውም ይግባ፣ ጧፉም ይብራ። ነገር ግን ያቺ ሠራተኛ ደመወዝዋን ተቀብላ፣ ለእናትዋ መድኃኒት ልካ፣ በደስታ ከእመቤትዋ ጋራ ዳገቱን ትውጣ። ያን ጊዜ ስእለቱ ከሁለት ቤት የወጣ ምስጋና ይሆናል።

ልመናችንን በባዶ እጅ የሚቀበል አምላክ፣ የተቀበልነውን ምሕረት ለባልንጀራችን እንድናካፍል ልቡናችንን ያንቃልን፤ አሜን።